የአራተኛው ጥያቄ ማርክ

መምህር ወልደጻድቅ አዋሳ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ ከፍተኛ የስሌት ሒሳብ ሲያስተምሩ አሥራ አንድ ዓመታቸው ነበር። ጠዋት ከታቦር ሰፈር በእግራቸው ይወርዳሉ፤ ለማንም ፊት አይሰጡም። የማርካቸው አደላደል የታወቀ ነው፤ ሃያ ለቤት ሥራ፣ ሠላሳ ለአጋማሽ፣ ሃምሳ ለማጠቃለያ። ኮምፒውተር በወሬ እንጂ በዓይን ስለማይታወቅ ተማሪው ሁሉን በሎጋሪዝም ሠንጠረዥ እያሰላ እርምጃ በእርምጃ ይጽፋል። እሳቸውም የራሳቸውን ስሌት አጠገቡ ዘርግተው መስመር በመስመር ያስተያያሉ። እርምጃው ተሳስቶ መልሱ ትክክል ከሆነ ግን ነገር አለቀ፤ ኩረጃ ነው፣ ዜሮ።

በ1978 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ያ ዜሮ በአራተኛው ጥያቄ ለግዛቸው ደረሰው። የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነው። በዚህ ዜሮ ኮርሱን ይወድቃል፤ ከወደቀ ይባረራል፤ የተባረረ ጎረምሳ ደግሞ ለብሔራዊ ውትድርና ታፍሶ የት እንደሚገባ ማንም አያጣውም።

ቢሯቸው መጥቶ እንዳልኮረጀ ተናገረ። አላመኑትም፤ ስንቱ ምሎ ተገዝቶ ዋሽቷቸዋል። ሁለተኛው እርምጃ ላይ ሠንጠረዡን ሲያነብ አንድ መስመር ዘሎ እንደነበር ግን በጣቱ አሳያቸው።

«መምህር፣ እርስዎ ነዎት ያስተማሩን» አለ። «ይህ ከግምት ተነሥቶ በየእርምጃው ወደ መልሱ የሚጠጋ ዘዴ፣ መሃል ላይ ቢሳሳቱበትም ራሱን እያረመ ይሄዳል ብለውናል።»

ብለዋል። በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ ይሉታል። ማርክ ሲሰጡ ግን አንድም ቀን ትዝ ብሏቸው አያውቅም።

ልጁን አስቀምጠው ከተሳሳተው ቁጥር ተነሥተው ራሳቸው ማስላት ጀመሩ። ሦስተኛው እርምጃ ከልጁ ጋር ገጠመ፣ አራተኛውም ገጠመ፣ ስድስተኛው ላይ ትክክለኛው መልስ ቁጭ አለ። ዜሮውን ሰርዘው ከአሥራ አምስት አሥራ ሦስት ጻፉና ፈረሙበት። ግዛቸው እጅ ነሥቶ ወጣ።

ከብረት ዝገት ከሰው ስህተት አይጠፋም ብለው ሊተዉት ሞከሩ፤ አልቻሉም። የድሮ የፈተና ወረቀት ስለማይጥሉ ቁምሳጥናቸውን ከፍተው ለኩረጃ ዜሮ የሰጡባቸውን እየለዩ ማስላት ያዙ። የመጀመሪያው ከስህተቱ በኋላ ያለው እርምጃ አልገጠመም፤ ኮርጇል። ሁለተኛውም ኮርጇል፤ ደስ አላቸው። ሦስተኛው ከሁለት ዓመት በፊት የተባረረው የበኃይሉ ወረቀት ነው። እርምጃው ሁሉ ገጠመ፤ አምስተኛው ላይ ትክክለኛው መልስ መጣ።

በኃይሉ ያኔ «እዚሁ ፊትዎ ልሥራው» ብሎ ለምኗቸው ነበር። በዚያው ክረምት ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ዘመተ፤ በዓመቱ መርዶው መጣ።

ወልደጻድቅ ዜሮውን ሰርዘው አሥራ ሦስት ጻፉ። ፈረሙበትም። ከዚያ ወረቀቱን ይዘው ለማን እንደሚሰጡት ግራ ገባቸው።