ልክ እውነተኛ የሚመስለው ቡና

«ልክ እውነተኛ ይመስላል» ሲባል ደሜ ይፈላል። ጅማ ውስጥ ጌም ቤት ገብቶ ይህን ሙገሳ ሳይሰማ የሚወጣ የለም። ልጆቹ ኳስ እየተጫወቱ የተጫዋቹን ላብ፣ የሣሩን እርጥበት፣ የመለያውን መጨማደድ በጣታቸው እያሳዩ ይከራከራሉ። እኔም እንደነሱ ነበርኩ። ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ ኮምፒውተር ስማር፣ የጌም ጥሩነት የሚለካው ከፎቶ ጋር በመመሳሰሉ ነው ብዬ ከስንቱ ጋር ተኳርፌአለሁ። ዛሬ ያን ጊዜ የነበረውን ራሴን መንገድ ላይ ባገኘው በጥፊ ነበር የምለው።

ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ ናት። እናታችን ከሞተች በኋላ፣ ጅሬን ላይ ባለችው ሁለት ክፍል ቤታችን፣ እናትም አባትም እሷ ሆነችኝ። ሥራዋ ቡና ለቀማ ነበር፤ ከዛፍ ላይ ሳይሆን መጋዘን ውስጥ። ከሰቃና ከዙሪያው መጥቶ የተፈለፈለው ቡና ሰፌድ ላይ ይፈስላታል፤ እሷ ጥቁሩን፣ የተሰበረውንና የነቀዘውን ፍሬ እየለቀመች ታወጣለች። ልጅ ሆኜ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ጣቶቿን ሳይ እውል ነበር። ከሴቶቹ ጋር እያወራች፣ እየሳቀች፣ አንዲት ጥቁር ፍሬ አታመልጣትም። ዩኒቨርሲቲ የገባሁት በነዚያ ጣቶች ነው።

ሦስተኛ ዓመት ሳለሁ ሥራዋን ተወች። ወገቤን አሞኛል፣ ከእንግዲህ ቁጭ ብዬ መዋል አልችልም አለች። በዚያው ሰሞን ዓይኗም እየደከመ መሆኑን ነገረችኝ፤ ሐኪሙ የጠፋው አይመለስም፣ ያለውን ለማቆየት ጠብታውን እንዳታቋርጪ ብሏታል። እኔ የተማርኩት ሰውዬ ሁለቱን ነገር አላገናኘሁትም። ወገቤን ካለች ወገቧን ነው ብዬ አመንኩ። ጀርባዋን የምታስደግፍበት ትራስ ሁሉ አመጣሁላት።

ቤት መዋል አልሆነላትም። ዕቃ ታነሳለች፣ ትጥላለች፣ ያለ ምክንያት ከጎረቤት ትጣላለች። ስታሳዝነኝ ጊዜ አንድ ጌም ሠራሁላት። ታብሌት ላይ ትልቅ ነጭ ክብ አለ፤ ሰፌዱ ነው። በላዩ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያካክሉ አረንጓዴ ፍሬዎች፣ በመሀላቸው ጥቁሮች አሉ። ጥቁሩን ሲነኩት ጠብ የሚል ድምፅ አሰምቶ ይጠፋል። ጥላ የለው፣ ነጸብራቅ የለው፣ ሠርቼ ለመጨረስ አንድ ከሰዓት በቅቶኛል።

የዚያን ዕለት እራት እስኪያልፍባት ተጫወተች። በማግስቱ ፍጥነት ጨምርልኝ አለች። ጨመርኩ፤ አሁንም ጨምር አለች። ከእኔ ጋር ስትወዳደር በሰፊው ታሸንፈኝና ዩኒቨርሲቲ የገባኸው ለመማር ነው ወይስ ለመተኛት እያለች ትስቅብኛለች። ከጎረቤቶቹም ጋር ታረቀች።

ይህን ጌም ከሰቃ የመጣ የክፍል ጓደኛዬ አየው። ካምፓሳችን የተማሪዎች ሥራ የሚወዳደርበት ቀን ሊያዘጋጅ ነበርና ሐሳቡን ወደደው፤ ስዕሉን ግን ናቀው።

«ማሎ፣ እባክህ፣ ይሄን ይዘን ብንቀርብ መሳቂያ ነው የምንሆነው» አለኝ። «የቡና አገር ልጆች ሆነን ቡናችን ቡና አይመስልም። ወላሂ፣ መዋዕለ ሕፃናት ግድግዳ ላይ ያለውን ነው የሚመስለው።»

በእሱ ላይ መናደድ እችል ነበር፤ ግን ያኔ ያፈርኩት እኔው ነኝ። ስዕሉ ለማን እንደተሳለ አፌን ሞልቼ ልነግረው ሲገባኝ፣ ለሙከራ ያህል የነካካሁት ነው አልኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስት ወር ሙሉ ስዕሉን እውነተኛ ስናደርግ ከረምን። እህቴ ትሠራበት ወደነበረው መጋዘን ሄደን፣ አስፈቅደን፣ ሰፌዱን ከነስንጥቁ ፎቶ አነሳን። እያንዳንዱን ፍሬ ለብቻው አነሳን። ከቆርቆሮው ቀዳዳ የሚገባውን ብርሃን እንኳ አልተውንም። ስንጨርስ ጥቁሩ ፍሬ እንደ መጋዘኑ ጥቁር ፍሬ ሆነ፤ ማለትም ጥቁር አይደለም፣ ጠየም ብሎ ከሌሎቹ ሥር የተደበቀ ነው። ጓደኛዬ ድምፁም እውነተኛ ይሁን ብሎ የለቀማውን ተቆጣጣሪ ለመነው። ሰውዬው እየሳቀ፣ ጥቁር የቀረበትን ሰፌድ እንደገና እንዲለቀም ሲመልስ ሁልጊዜ ለሴቶቹ የሚላትን ነገር ስልካችን ላይ ቀዳልን።

ለእህቴ ሳሳያት ታብሌቱን ወደ ፊቷ አስጠግታ ቆየች። «ጋሪዳ፣ ያምራል፤ ጎበዝ» አለችና መለሰችልኝ። ያለወትሮዋ አንዴም አልተጫወተችበትም። ሥራ አለብኝ አለች፣ በሌላ ቀን ራሴን አለች፣ እኔም ሰለቻት ብዬ አለፍኩት። አሮጌውን ጌም ለአዲሱ ቦታ ለማስለቀቅ ከታብሌቱ ላይ አጥፍቼዋለሁ። ለምን ተውሽው ብሎ መጠየቅ ምን ነበረበት? አልጠየቅኳትም።

ለውድድሩ ቀን ደግሞ ይባስ ብለን እሷን ይዘን ሄድን። ሃያ ዓመት ቡና የለቀመች ሴት በዳኞች ፊት ብታሳይ ማን ይስተካከለናል ብለን ነው። እምቢ ብላኝ ነበር፤ ነዘነዝኳት። የበዓል ቀሚሷን ለብሳ መጣች።

አዳራሹ ሞልቷል። የታብሌቱ ምስል ግድግዳው ላይ ሲወጣ ሰው አጨበጨበ። አንዱ ዳኛ ልክ እውነተኛ ይመስላል፣ እጅ ሰድዶ መዝገን ያሰኛል አለ። እኔ ደስታው ደረቴን ነፋው። እህቴ ቁጭ አለችና መዳፏን መስታወቱ ላይ አድርጋ በቀስታ አሸችው፤ ሰፌድ ላይ ቡና እንደምትበትን። መስታወቱ ላይ የሚዳሰስ ነገር የለም። ጣቷን ሰደደች፤ ደህናውን ፍሬ አወጣች። ደግማ ሰደደች፤ አሁንም ደህናውን። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። እኔ ጅሉ ታብሌቱ ተበላሽቶ መስሎኝ ገመዱን እነካካለሁ።

ሰዓቱ አለቀና የተቆጣጣሪው ድምፅ አዳራሹን ሞላው።

«ጥቁር አልፏል። ሰፌዱ ይመለስ።»

እህቴ ደነገጠች። ድምፁ ወደመጣበት ዞረች፤ ሰውዬው እዚያ የቆመ ይመስል። ከዚያ ተነሳች።

«ወገቤን አሞኛል» አለችና ወንበሮቹን በእጇ እየዳበሰች ወጣች።

ያኔ ነው የገባኝ። አንዱ ዳኛ ምንም አይደለም፣ ሴትየዋ ቴክኖሎጂ ስላልለመዱ ነው አለ። ሰፌዱን አንስቼ ራሱ ላይ ብደፋው ደስ ባለኝ፤ ግን ሰፌዱ ግድግዳ ላይ ያለ ብርሃን ነው። አልጮህኩም። እሺ ብዬ አንገቴን ደፋሁ። በሕይወቴ ከሠራኋቸው ነገሮች ሁሉ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ያ አንገት መድፋት ነው።

እህቴን በር ላይ ባጃጅ ስትጠብቅ ደረስኩባት። ይቅርታ ልጠይቅ ሄጄ የወጣኝ ወቀሳ ነው።

«እትዬ፣ አዲሱ እንደማይታይሽ ለምን አልነገርሽኝም? ልክ እንደ እውነተኛው እንዲሆንልሽ እኮ ነው የለፋሁት።»

«እውነተኛውን እኮ አላየውም» አለች። «ባየው ኖሮ እስከ ዛሬ እዚያው መጋዘን ነበርኩ።»

ባጃጁ ውስጥ ቀሪውን ነገረችኝ። ያ ተቆጣጣሪ በሴቶቹ መሀል ሦስት ቀን በተከታታይ ሰፌዷን መልሶባታል። በአራተኛው ቀን ወገቤን ብላ ወጣች። ዓይኗ መሆኑን ላለመናገር ነው። እኔ ደግሞ ያንኑ ሰፌድ፣ ያንኑ ብርሃን፣ የሰውዬውን አፍ ጭምር ለቅሜ ቤቷ ድረስ አመጣሁላት። ያን ሁሉ ያደረግኩት እየኮራሁ ነው።

ሁለተኛ ወጣን። የምስክር ወረቀቱ ላይ ለሥዕሉ እውነተኛነት የሚል ተጽፎበታል። ጓደኛዬ ይዞልኝ ሲመጣ እህቴ ዓይኗ ሲደክም ያደረገችውን ሁሉ ነገርኩት። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። ጌሙን ውሰደው፣ የፈለግከውን አድርግበት አልኩት፤ እሱም ወስዶት አያውቅም።

የኳስ ጌሙ ልጆች በተጫዋቹ ላብ ይደሰቱ፤ ጠብ የለኝም። እነሱ ያዩታል። እኔን የሚያናድደኝ፣ ሰው ለማን እንደሚስል ሳይጠይቅ የፎቶ ያህል ስለተጠጋ ብቻ ሥራውን ጨረስኩ ሲል ነው። ይህን የምናገረው ራሴ ስላደረግኩት ነው።

በዚያው ሳምንት ነጩን ክብ መልሼ ሳልኩት። ፍሬዎቹን ከድሮው አተለቅኋቸው። የሰውዬውን ድምፅ ደግሞ ከሁሉ በፊት አጠፋሁት። እህቴ አሁንም በየቀኑ ትጫወታለች፤ ሲደብቃት አተልቅልኝ ትለኛለች፣ እኔም አተልቃለሁ። ፍሬው አሁን የሎሚ ያህል ሆኗል፤ ቡና አይመስልም። ሰፌዷን ግን የሚመልስባት የለም።