አያቴ ልጄን ይዘው ሐሮውን የተሻገሩ ዕለት

ባለፈው ሳምንት ከመቱ ወደ ኖፓ በሚኒባስ ስሄድ ከአጠገቤ አንዲት ወጣት ሦስት ዓመት የማይሞላት ሴት ልጅ ታቅፋ ተቀምጣ ነበር። ውጭ ይዘንባል። ሕፃኗ በትንፋሿ የደበዘዘውን መስታወት በመዳፏ እየጠረገች ለማየት ትታገላለች። እናቲቱ አንዴ የልጅቷን ፀጉር ታስተካክላለች፣ አንዴ ኮሌታዋን ታቀናለች፣ ትንሽ ቆየት ብላ ደግሞ ወደ ፀጉሯ ትመለሳለች። ማን ዘንድ እንደምትሄድ አልጠየቅኋትም። ያ እጅ ግን አልጠፋኝም። እኔም በሃያ ዓመቴ፣ በዚሁ መንገድ፣ እንዲሁ በነሐሴ ዝናብ፣ የልጄን ኮሌታ ሳቀና ሄጃለሁ።

ያኔ ሚኒባስ የሚባል ነገር በዚያ መንገድ አልነበረም። እናቴን የሚያውቅ የአይሱዙ ሾፌር ለእሷ ብሎ ጋቢና ውስጥ አስገባን። መኪናው ጭቃው ላይ ሲንሸራተት ልጄ በረከት ይስቃል፤ እኔ ደግሞ በሆዴ ምነው ተበላሽቶ በቀረ እላለሁ። የምንሄደው አያቶቼ ዘንድ ነበር። ሁለት ዓመት ተኩል ሆኖታል፤ አንድም ቀን አላዩትም።

አያቶቼ ከኖፓ አንድ ሰዓት በእግር የሚያስኬድ ቦታ፣ ትንሽ ሐይቅ ዳር ይኖሩ ነበር። አማርኛ ተናጋሪውም ኦሮምኛ ተናጋሪውም ሐይቁን ሐሮ ነው የሚለው፤ ሌላ ስም ሲጠራለት ሰምቼ አላውቅም። አያቴ ወልዴ አናጢ ነበሩ። አባታቸው ከሰሜን መጥተው እዚያ ቀሩ፤ እሳቸው እዚያው ተወልደው፣ እዚያው አግብተው፣ ቤታቸውን ከመሠረት እስከ ጣሪያ በገዛ እጃቸው ሠሩ። የልጅነት ክረምቶቼን ሁሉ ያሳለፍኩት እዚያ ቤት ነው። ትምህርት ቤት በተዘጋ በሳምንቱ እሄዳለሁ፣ ለእንቁጣጣሽ እመለሳለሁ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ አረገዝኩ። የልጁ አባት መንገድ ሥራ መጥቶ መቱ የከረመ ሰው ነበር፤ ሥራው ሲያልቅ ከጓደኞቹ ጋር ሄደ፤ አድራሻ እንኳ አልተወልኝም። ከዚያ በኋላ ሐሮ መሄድ አቆምኩ። እናቴ አልተቆጣችም ማለት ይቻላል፤ አልቅሳ አልቅሳ ከዚያ ልጁን አዝላ ታስተኛው ጀመር። የፈራሁት አያቴን ነበር። ፍርሃቴም ከሜዳ የመጣ አልነበረም።

አያቴ የእድር ዳኛ ነበሩ። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ከሐሮው ማዶ የሚኖሩት ጋሼ ታደሰ ልጃቸው ሳታገባ ወለደች። ጋሼ ታደሰ ሕፃኑን በቤተሰባቸው ዝርዝር ውስጥ እንዲያስገቡላቸው እድሩን ጠየቁ። አያቴ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «አባቱ ያልታወቀ ልጅ በዚህ መዝገብ አይገባም» አሏቸው። እራት ላይ ነው ይህንን የነገሩን፤ ትክክለኛ ፍርድ እንደ ፈረደ ሰው ረጋ ብለው፣ ጎደሬያቸውን እየላጡ። እኔም በአያቴ ኮርቼ ነበር። በኋላ የራሴ ሆድ ሲገፋ ያቺ እራት ስንት ጊዜ ትዝ እንዳለችኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

ታዲያ በዚያ ነሐሴ አንድ የማር ነጋዴ ቤታችን መጣና «እማማ ብርቄ፣ እሸቱ ደርሷል፣ ልጁን ይዘሽ ነይ በላት ብለውኛል» አለኝ። እማማ ብርቄ ሴት አያቴ ናቸው።

«አባባስ ምን አሉ?» አልኩት።

«እሳቸውን አላነሱም።»

እናቴ ከጓዳ ሆና ሰማችን። «ሂጂ» አለች። «ከዚህ በላይ ምን ይመጣል?»

ስንደርስ እማማ ደጃፍ ድረስ ወጥተው ልጁን ከእጄ ነጥቀው ነበር ማለት ይቀላል። አያቴ በረንዳው ላይ ጣውላ እየላጉ ነበር። ቀና አሉ። «አስቴር፣ መጣሽ?» አሉኝ። «መጣሁ አባባ» ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ። በረከት ቀሚሴ ውስጥ ተደበቀ። አያቴ መላጊያውን እንደያዙ ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ «እግሩ ረጥቧል» ብለው ገብተው ደረቅ ጨርቅ አመጡ። ሌላ ምንም አላሉም።

ምንም አለማለታቸው መጀመሪያ ከተግሣጽ የበለጠ ጨነቀኝ። በሦስተኛው በአራተኛው ቀን ግን ሰውነቴ ከልቤ ቀድሞ ተፈታ። በዚያ አገር ነሐሴ ሁሌ ይዘንባል ይባላል እንጂ ጠዋቱ የራሱ ፀሐይ አለው። እስከ አራት ሰዓት ድረስ ሐሮው እንደ መስታወት ይተኛል፤ ዳክዬዎቹ ከሸምበቆው ውስጥ ጫጩቶቻቸውን አስከትለው ይወጣሉ፤ ከዚያ ከያዮ ጫካ በኩል ደመናው ይነሣና እስከ አሥር ሰዓት ያወርደዋል። እኛም እንደ አየሩ እንኖር ነበር። ሲያበራ ውጭ፣ ሲዘንብ እሳት ዳር። በቆሎ እሸት ይጠበሳል፤ የተቀቀለ ጎደሬ በቅቤና በሚጥሚጣ ይቀርባል፤ ለበረከት ወተት፣ ለእኔ እርጎ። ከምሳ በኋላ የቆርቆሮውን ድምፅ እየሰማሁ እተኛለሁ። ልጅ ከወለድኩ ወዲህ እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም። ልጅነት ያሳለፉበት ቤት ውስጥ የሚመጣ እንቅልፍ ሌላ ነው መሰለኝ፤ ማንም ቢያለቅስ የሚሰማ ሌላ ጆሮ እንዳለ አካል ራሱ ያውቃል።

በረከት መቱ ውስጥ ከጎረቤት ልጆች ጋር የለመደውን ኦሮምኛና አማርኛ እየቀላቀለ «ቢሻን! ቢሻን!» እያለ ወደ ውኃው ይሮጣል። አያቴ በቀስታ ይከተሉታል። በሳምንቱ ነገሩ ተገላበጠና እሱ ሆነ የሚከተላቸው፤ ጣውላ ሲቆርጡ ፍቅፋቂውን ይሰበስባል፣ መጋዝ ሲስሉ ጆሮውን ይይዛል። «አባባ» ይላቸዋል። «አቤት» ይሉታል። አንድ ቀን ከመስኮት ሆኜ ስሰማቸው፣ አያቴ ስለ ዋንዛና ስለ ዝግባ እንጨት ልዩነት እንደ ትልቅ ሰው ያስረዱታል፤ እሱም አውራ ጣቱን እየጠባ በቁም ነገር ያዳምጣል።

አንድ ነገር ብቻ ይወጋኝ ነበር። እንግዳ ሲመጣ አያቴ ከሩቅ ያዩና «ልጁን ብርድ እንዳይመታው፣ ይዘሽው ግቢ» ይሉኛል። አንዴ ሲሆን ብርድ ነው ብዬ አመንኩ። ሦስተኛ ጊዜ ሲሉኝ ግን ፀሐይ ነበር። ጓዳ ገብቼ ልጄን ታቅፌ፣ ከደጅ የሰዎቹን ሣቅ እየሰማሁ፣ ገባኝ ብዬ አሰብኩ። ይወዱናል፤ ግን ሰው እንዲያየን አይፈልጉም። ይህም አይከፋም፣ ከዚህ የባሰ ጠብቄ አልነበር? እያልኩ ራሴን አጽናናሁ።

ከዚያ ያ እሑድ መጣ። ረፋዱ ፀሐይ ስለነበር ከጉብታው ጀርባ ወዳለው ወንዝ ልብስ ላጥብ ወረድኩ። እማማ አራስ ሊጠይቁ ሄደዋል። በረከትን ለአያቴ ትቼው ነበር። ልብሱን አሰጥቼ ሳልጨርስ ደመናው መጣ፤ ሰብስቤ ስመለስ ቤቱ ጭር ብሏል። ጓዳ ገባሁ፣ የለም። የአናጢ ቤቱን አየሁ፣ የለም። ወደ ውኃው ዳር ስወርድ የአያቴ ታንኳ ከችካሉ ላይ ተፈትቷል። ሐሮውን ጭጋግ ሸፍኖታል፤ ከአሥር ክንድ በላይ አይታይም፤ ዝናቡም ጀምሯል። አያቴ ሰባ አልፏቸዋል። ልጄ ውኃ ሲያይ እንዴት እንደሚሮጥ አውቃለሁ።

«በረከት! አባባ!» እያልኩ ዳር ዳሩን ሮጥኩ። ድምፄን ጭጋጉ ይውጠዋል። ስንት ጊዜ እንደተጣራሁ አላስታውስም፤ እጄ ላይ የነበረውን እርጥብ ልብስ የት እንደጣልኩትም እስከ ዛሬ አላውቅም። በመጨረሻ ከብቶቹን ወደ ቤት የሚነዳው ጎረቤታችን ኦቦ ገመዳ ደረሰልኝ።

«ሂን ሶዳቲን፣ አትፍሪ» አለኝ። «ዝናቡ ሳይመጣ ተሻግረዋል። በዓይኔ አይቻለሁ። ጋሼ ነጭ ጋቢ ለብሰዋል፣ ልጁንም አልብሰውታል። ዛሬ እኮ እድር ነው።»

እዚያው ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ። በሕይወት አለ። ከዚያ ሌላው ሐሳብ መጣ። እድር? ልጄን? ሰው ሲመጣ ጓዳ ግቢ የሚሉኝ ሰው ልጄን ይዘው እድር ምን ያደርጋሉ? ኦቦ ገመዳ ፊቴን አይቶ ከብቶቹን አብሮት ለነበረው ልጁ ተወና በሐሮው ዙሪያ ባለው መንገድ አብሮኝ ሄደ። አንድ ሰዓት ያህል ፈጀብን። መንገዱን ሙሉ ስለ ላሞቹ ነው ያወራልኝ፤ እግዜር ይስጠው።

የእድሩ የቆርቆሮ ዳስ ማዶ ካለው ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ነበር። ስንደርስ ሰዉ ተሰብስቧል። አንድ ሰው ብቻ ይናገራል፤ አያቴ ናቸው። በቆርቆሮው ግድግዳ ክፍተት አየኋቸው። ቆመዋል። በረከት እግራቸው ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጦ በሁለት እጁ ቆሎ ይበላል።

«ታደሰ» አሉ አያቴ፣ «እዚህ ቦታ ላይ ከሰባት ዓመት በፊት የተናገርኩህን ታስታውሳለህ?»

ጋሼ ታደሰ ከኋላ ረድፍ ቀስ ብለው ተነሡ። «ጋሼ ወልዴ፣ ይቅር እሱን። አልፏል።»

«አላለፈም። ፍርዱ የእኔ ነበር፤ ስሕተቱም የእኔ ነው። በሰው ፊት የተናገርኩትን በሰው ፊት ነው የማነሣው። ይቅር በለኝ።» ከዚያ ወደ ጸሐፊው ዞሩ። «መጀመሪያ የታደሰን የልጅ ልጅ ጻፍ። ከእኔ በፊት።»

ጸሐፊው ጻፈ። እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ሲጫር ይሰማ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

«አሁን ይሄንን ጻፍልኝ» አሉ አያቴ፣ እጃቸውን በረከት ራስ ላይ አድርገው። «በረከት።»

«በረከት... የአባት ስም?» አለ ጸሐፊው፣ ቀና ሳይል።

«ወልዴ።»

ከመሐል አንድ ሰው አሳለ። ሌላው «የእርስዎ ልጅ ነው እንዴ ጋሼ?» አለ፤ ለቀልድም ለነገርም በሚሆን ድምፅ።

«የቤቴ ልጅ ነው። የልጄ ልጅ የአስቴር ልጅ ነው። ሌላ የሚጠይቅ አለ?»

 ጋሼ ታደሰ ሰዉን እያለፉ ወደ ፊት መጡና አያቴን ትከሻቸውን ሳሟቸው፤ ጎንበስ ብለውም በረከትን። ያኔ ልጄ በክፍተቱ አየኝና «እማዬ! በታንኳ መጣን!» ብሎ ጮኸ። ሰው ሁሉ ዞረ። እኔ ጭቃ በጭቃ ሆኜ፣ ፀጉሬ ተበትኖ፣ እያለቀስኩ ቆሜያለሁ።

«ነይ ግቢ እንጂ» አሉ አያቴ። «ምን ውጭ ያቆምሻል?»

ቦታ ለቀቁልኝ። አንድ ሽማግሌ ቆሎ በእፍኛቸው አቀበሉኝ። ያ ቆሎ ጨው ይኑረው አይኑረው አላውቅም፤ እንባዬ ነበር የሚገባበት።

ስንመለስ ዝናቡ አባርቶ፣ ጭጋጉ ተነሥቶ፣ ውኃው ላይ የማታ ፀሐይ ወድቆበት ነበር። በረከት ጭኔ ላይ ተኛ። አያቴ ቀስ ብለው ይቀዝፋሉ።

«አባባ፣ ምነው ሳይነግሩኝ ወሰዱት? ልቤ ሊወጣ ነበር።»

«ብነግርሽ እሺ ትይ ነበር?»

አሰብኩ። «አልልም።»

«ታዲያ!» አሉ። ጥቂት ቀዝፈው ደግሞ፣ «ግን በድዬሻለሁ። ለኦቦ ገመዳ ነግሬው መሄድ ነበረብኝ» አሉ።

«እንግዳ ሲመጣስ ለምንድን ነው ጓዳ ግቢ የሚሉኝ?»

መቅዘፊያውን አቆሙ። «አንዱ ተነሥቶ ደጄ ላይ 'የማን ነው?' ቢልሽ፣ የምትመልሺው አንቺ ነሽ። መልሱ የእኔ ነው ብዬ ነው። የእድሩን ቀን ስጠብቅ ነበር።»

በዚያ ክረምት የቀረን ሁለት ሳምንት ነበር። እንግዳ ሲመጣ በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ በቆሎ እየፈለፈልኩ እቀበላለሁ። አያቴም ከእድሩ ዳኝነት በዚያው ዓመት በራሳቸው ፈቃድ ወረዱ፤ ስሕተቴ አንድ ብቻ ላይሆን ይችላል ነው ያሉት። ልንመለስ ስንል እማማ ብርቄ ጓዳ ጠርተው አንድ ነገር ነገሩኝ። ለሁለት ዓመት ክረምት በገባ ቁጥር አያቴ አይሱዙ የሚመጣበትን ቀን ጠብቀው እስከ ኖፓ መንገድ ይወጡ ነበር። «እሺ፣ ምነው ሰው ልከው ነይ አይሏትም?» ብለው እማማ ሲጠይቋቸው፣ «በምን አፌ?» ይሉ ነበር አሉ።

እኔ መቱ ተቀምጬ እሳቸውን ስፈራ፣ እሳቸው ደግሞ እኔን ይፈሩ ኖሯል። ዛሬ አያቶቼ ሁለቱም የሉም። በረከት ጎልማሳ ሆኖ ያዮ ነው የሚሠራው። ያንን ክረምት ሳስብ አሁንም ሰውነቴ ቀለል ይለኛል፤ ከዚያ በፊት ያለፉት ሁለቱ ክረምቶች ግን ይቆጩኛል። ልጄ መዳህ ሲጀምር፣ የመጀመሪያ ጥርሱን ሲያወጣ አላዩትም፤ ማንም ሳይከለክለን፣ ሁላችንም እየፈለግን።

ስለዚህ አሁን ከልጄ ጋር ቅር የሚያሰኝ ነገር ከገባን አላሳድርም። ስልኬን አንሥቼ እደውላለሁ።

«እማዬ፣ ደግሞ ምን ሆንሽ?» ይለኛል።

«ምንም አልሆንኩ» እለዋለሁ። «እኔ ልቅደም ብዬ ነው።»