ሳያንኳኩ አይበየድም

ልጅ እያለሁ የእኛ ቤት እሁድ የሚሸተው ቤንዚንና እርጥብ አፈር ነበር። ጻካኔ በምትባለው የስደት ከተማችን፣ ከሱቃችን ጀርባ ባለችው ግቢ አባዬ ጎመን ይተክላል፤ ከጎመኑ አጠገብ ሞተር ሳይክል ይፈታል። አገር ቤት እያለ ሆሳዕና የበር በያጅ ነበር። ጓደኛው ጋሽ ከድር ደግሞ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ብረት ሲቀጠቅጥ ነው ያደገው። እዚህ ሁለቱም ባለሱቅ ሆኑ። እሁድ እሁድ ግን ሞተራቸው ሥር ቁጭ ብለው በድሮ ሥራቸው ሲፎካከሩ ይውላሉ።

አባዬ አንድ ሕግ ነበረው። የቤንዚን ታንከር ውሃ ሳይሞላ አይበየድም፤ ከመበየዱ በፊትም በጣቱ ያንኳኳዋል። ዱብ ካለ ሞልቷል፣ ከጮኸ ባዶ ነው። "ሙሉውን አትፍሪ፤ ባዶው ውስጥ የቀረው ጋዝ ነው የሚገድል" ይለኝ ነበር።

ያን እሁድ ሎድሸዲንግ፣ የመብራት ፈረቃ ነበር። የጋሽ ከድር ታንከር ተቀዶ፣ ጠረጴዛው ላይ ሆኖ መብራት ይጠብቃል። አባዬ "ውሃ ሙላበት" አለው። ጋሽ ከድር ባልዲውን አንስቶ ሲመጣ ጎመኑ ጋ ቆመ።

"አንተ ሰውዬ፣ ጎመንህ እንደ ብየዳህ ነው፤ ዳር ዳሩ ብቻ ነው የሚያምረው! ሥሩ ደርቋል እኮ።"

"ያንተ ቃሪያ ይሻላል? አንድ ቀን እንኳ አቃጥሎ አያውቅም!"

ጋሽ ከድር እየሳቀ ባልዲውን ጎመኑ ላይ ደፋው። አየሁት። ሌላ ይቀዳል ብዬ ጠበቅኩ። ወሬው ግን ወደ ምናለሽ ተራ ተመለሰ፤ በዚያው መብራት መጣ። አባዬ መብራቱ ሳይሄድብን ብሎ ማስኩን አጠለቀ፣ ጋሽ ከድርም ታንከሩን ደግፎ ያዘለት።

እኛ ቤት ትልቅ ሰው ሲያወራ ልጅ ጣልቃ አይገባም። የአባዬን ጣት አየሁ። አሁን ያንኳኳል አልኩ። አላንኳኳም። ኤሌክትሮዱ ወደ ታንከሩ ሲወርድ ግን ያለ የሌለ ድምፄን አውጥቼ ጮህኩ፦ "አባዬ፣ አላንኳኳህም!"

ማስኩን ገልጦ በቁጣ አየኝ። ለእልህ ያህል አንኳኳ።

ታንከሩ እንደ ደወል ጮኸ።

አባዬ ማሽኑን አጠፋና መሬት ላይ ቁጭ አለ። ጋሽ ከድር "ያ አላህ" ብቻ ነው ያለው። አባዬ፣ "ጎመኑ እንኳን ጠጣ" አለ። አልሳቅንም።

ድሮ ጥሩ ነበር የሚሉኝን አልወድም፤ ያን ቀን የድሮ ወሬ ሊገድለን ነበር። ግቢዋ ግን ትናፍቀኛለች። አሁን ሲሚንቶ ፈሶባታል፤ ጋሽ ከድርም አገሩ ገብቷል። እኔም ሐበሾች ከሚነግዱበት ጀፕ ሰፈር ዕቃ የማመላልስበት ሞተር ገዝቻለሁ። ባለፈው ታንከሬ ሲያንጠባጥብ ጋራዥ የሄድኩት አባዬን ይዤ ነው። የዘመናት የብረት ጩኸት ጆሮውን ጨርሶታል። በያጁ "ሞልቼዋለሁ፣ ፋዘር" ቢለውም አባዬ ጎንበስ ብሎ በጣቱ አንኳኳ። ከዚያ ቀና ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

"ምን አለ?" አለኝ።

"ሞልቷል፣ አባዬ" አልኩት ጮክ ብዬ።