ያልሰማች ጎረቤት

እናቴ ቴሌቪዥን ስታይ እኔ ደመወዝ የሌለኝ አስተርጓሚ ነኝ። ያን እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ኮልፌ ቤታችን ቁጭ እንዳልን፣ ናዚዎች ሰው አጉረው ከጨረሱበት ካምፕ አጠገብ ይኖሩ ስለነበሩ ጀርመኖች የሚተርክ ፊልም መጣ። አንዲት አሮጊት የቀሚሷን ጫፍ እያስተካከለች የሆነ ነገር ተናገረች። "አናውቅም ነበር" ብዬ መተርጎም ነበረብኝ፤ አፌ ላይ የመጣልኝ ግን "አልሰማንም ነበር" የሚለው ነው።

"ምን ታድርግ፣ ሳይሰማ የሚቀር ስንት አለ" አለች እናቴ በሐዘኔታ።

ግራ ገባኝ። ኋላ ነው የባነንኩት። በእኛ ሰፈር የእድር ጡሩምባ ሲነፋ አየር ጤና ሄዶ ለቅሶ ያመለጠው ሰው "አልሰማሁም ነበር፣ እግዜር ያጽናችሁ" ይላል፤ ይቅርም ይባላል። እናቴ ሴትዮዋን ይቅር ብላት አረፈችው! ደሜ ፈላ። ክፉና ደጉን ያስተማረችኝ እሷ ናት፤ እሷ ከማረቻት እኔ በምን አፌ ልፈርድባት ነው?

"እማዬ፣ ከካምፑ ጋር አጥር ለአጥር ነበሩ እኮ! የሚቃጠለው ሬሳ አመድ ያሰጣችው ልብስ ላይ ያርፍ ነበር።"

"አጥር ለአጥር?"

"አዎ።"

ቴሌቪዥኑን እንዳጠፋው በእጇ አሳየችኝ። ከዚያ፣ እኔ ሳልወለድ፣ በቀይ ሽብር ጊዜ አጠገቧ ትኖር ስለነበረች ሴት ነገረችኝ። ወንድ ልጇን ደጃፏ ላይ ገደሉት። ማልቀስ ተከልክሎ ስለነበር ጡሩምባ አልተነፋም፣ ድንኳንም አልተተከለም።

"ተኩሱን ሰምተሽ ነበር?"

"የአጥሩ ቆርቆሮ እስኪንቀጠቀጥ ነዋ!"

"ታዲያ ሄድሽ?"

"ማን ይሄዳል? አባትሽ በሩን ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተው። እኔም ክፈት አላልኩት።"

ሰንበትበት ብሎ ቦኖ ውሃ ሊቀዱ ወርደው ሁለቱ ተገናኙ። እናቴ የምትለው ቢጠፋት "አልሰማሁም ነበር" አለቻት።

ልቆጣት ነው ወይስ ልቀፋት፣ እኔንም ጠፋኝ። እናቴ እኮ ናት። ያቺን ጀርመናዊት ግን ኮንኛት ነበር።

"እሷስ ምን አለችሽ?" አልኳት።

"'አውቃለሁ' አለችኝ። እንስራዬን አሸክማኝ ሄደች። ምኑን እንደምታውቅ ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም።"