ከስልሳ አምስት ፊት የተሰረዘው ማይነስ

የልጅ ልጄ ትክክለኛ መልስ ጽፋ ስህተት ተብሎባታል። በክፍል ጓደኞቿ ፊትም «አንቺ መቀነስ እንኳ አትችይም» ተብላለች። ይህ ተጽፎ ይቀመጥልኝ።

እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም። ኬሚስትሪን የሰማሁት ከእሷ ነው። ፈተናው ሲቃረብ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ጮክ ብላ ታጠና ነበር፤ እኔም ጎመን እየቀነጠስኩ እሰማለሁ። ቤት ውስጥ የምናወራው በካፊኖኖ ነው። «ኢንታልፒ» የሚለውን ግን በካፊኖኖም በአማርኛም አላውቀውም።

«ሙቀት በይው፣ አያቴ» አለችኝ። «ነገሮች ሲዋሃዱ የሚወጣው ወይም የሚገባው ሙቀት ነው። ከተሠራው ነገር ቁጥር ላይ መጀመሪያ የነበሩትን ነገሮች ቁጥር ትቀንሻለሽ። ማይነስ ከመጣ ሙቀቱ ወጥቷል ማለት ነው።»

ፈተና ላይ የመጣው ኖራና ውሃ ነበር። የኖራው ቁጥር ከዜሮ በታች 635፣ የውሃው ከዜሮ በታች 286፣ ሁለቱ ተዋህደው የሚሠሩት ደግሞ ከዜሮ በታች 986። እሷ ማይነስ 65 ኪሎጁል ብላ ጻፈች። መምህሩ ገልብጦ ቀነሰና ማይነስ የለውም፣ ሙቀቱ የሚገባ ነው አለ። ስትከራከረው ነው «መቀነስ እንኳ አትችይም» ያላት። ክፍሉ ሳቀ።

ሴሚስተሩ ሲያልቅ ጅማ አባቷ ዘንድ ሄደች። ስትደውል ስለ ትምህርት አታነሳም። እኔ ቦንጋ ቀረሁ። ሰው ሳላናግር የምውልባቸው ቀናት ብዙ ናቸው፤ ሲብስብኝ ራዲዮ ከፍቼ ከዜና አንባቢው ጋር እጣላለሁ።

ሟቹ ባለቤቴ ግድግዳ በኖራ ይቀባ ነበር። ውሃ ያልነካው ኖራ ውሃ ሲያገኝ ያለ እሳት እንደሚፈላ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ሱቆቹ ያላቸው ዱቄቱ ነው፤ እሱ አንዴ ውሃ ያገኘ ስለሆነ አይረባኝም። ድንጋዩን በሦስተኛው ሱቅ አገኘሁ። ጣሳና አንድ ጠርሙስ ውሃ ይዤ በባጃጅ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ።

መምህሩ ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ ወጣት ነው። የመምህራን ክፍል በር ላይ ቆሟል።

«እማማ፣ ምን ልርዳዎት?»

ኖራውን ጣሳው ውስጥ አድርጌ ውሃ ጨመርኩበት። ትንሽ ቆይቶ ተንተከተከ፤ እንፋሎቱ ወጣ።

«ኧረ ያቃጥልዎታል! ይራቁ!»

«ምኑ ያቃጥለኛል? ሙቀት ይገባል ያልከው አንተ አይደለህም? በል እጅህን ክተትና ይቀዝቅዝልህ።»

አጠገቡ የነበረችው መምህርት ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ፊቷን አዞረች። እሱ አልሳቀም።

«የማን አያት እንደሆኑ ገባኝ» አለ። «ግን እማማ፣ ማርኩ እኮ ተልኳል።»

«ማርክ አልጠየቅኩህም። ልክ ነበረች ወይስ አልነበረችም?»

ጣሳው መተንተክተኩን እስኪያቆም ቁልቁል አየው። እኔም አልተነቃነቅኩም።

«ልክ ነበረች» አለኝ። «በማግስቱ አውቄው ነበር። ተማሪዎቹ ፊት ተሳስቻለሁ ማለት አሳፍሮኝ ነው።»