ሰዓት እላፊ የያዛቸው ሽማግሌዎች

ናይሮቢ ላይ ሰዓት እላፊ የታወጀ ሰሞን ኢስትሊ የምንኖር ሐበሾች በድንገት ተፈላጊ ሆንን። የመንግሥት ግልበጣ ተሞክሮ ከሽፏል፣ ወታደር ከተማውን ሞልቶታል፤ ኬንያውያን ጎረቤቶቻችን ነገሩ አዲስ ሆኖባቸው የሚይዙት የሚጨብጡት ጠፍቷቸዋል። እኛ ከደርግ አገር የመጣነው ግን የሰዓት እላፊ ምሩቆች ነን። ዱቄት በጊዜ ግዙ፣ ውሃ በባልዲ አጠራቅሙ፣ መጋረጃ ጋርዱ፣ ከመሸ በር ቢንኳኳ ቶሎ አትክፈቱ እያልን አስተማርናቸው። ከሰዓት በኋላ ሲሆን ማታቱ የሚሉት ታክሲ ሁሉ ሰው ጠቅጥቆ ወደየሰፈሩ ይበራል። አጎቴም ከታች ያለችውን ሻይ ቤቱን ገና በፀሐይ ቆልፎ ወደ ቤታችን ይወጣል።

ሌላው ሰው ሲጨነቅ እኔ በደስታ እግሬ መሬት አልረግጥ ብሎኝ ነበር። ሽማግሌ ሊላክብኝ ነዋ።

ልጁ ኢምባካሲ፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ካለ መጋዘን ዕቃ የሚያራግፍ ያገሬ ልጅ ነው። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ልኮ፣ አጎቴ ሁለቱንም ጊዜ «አባቷ ሲመጣ ያኔ ኑ» ብሎ መልሷቸዋል። አንዴ መመለስማ ወግ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን እሺ ያለ ሰው ልጅቷን ያረከሰ ይመስለዋል። አሁን ግን «ለሦስተኛ ጊዜ ከመለሱን ደጃቸውን አንረግጥም» ብለው ልከውብናል። ሽማግሌ ኩራቱን ታውቁታላችሁ፤ አይረግጥም ካለ አይረግጥም። እኔም ወይ ያን ቀን እዳራለሁ፣ ወይ ነገሩ ያበቃለታል።

የአባቴ ነገር እንዲህ ነው። አዲስ አበባ አንድ ማታ ሰዓት እላፊ ደረሰበትና እንደወጣ ቀረ። ስንቅ ይዘን ከእስር ቤት እስር ቤት ዞርን፣ የለም አሉን። ሬሳውን አላየን፣ ለቅሶ አልተቀመጥን። እናቴ ቀደም ብላ ሞታ ስለነበር አጎቴ እኔን ይዞ በሞያሌ በኩል ወጣ። አጎቴ ወንድሙን ሲያነሳ ሁልጊዜ «ሲመጣ» ነው የሚለው። እኔን መዳር አይመጣም ብሎ ማመን ነው። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፣ ማናችንም አንናገረውም።

በቀጠሮው ቀን ሦስቱ ሽማግሌዎች ፀሐይ ዘንበል ስትል መጡ። ፊታውራሪያቸው አንድ ኤርትራዊ ሽማግሌ ናቸው፤ አማርኛቸው ከእኛ ይጠራል። ሁለተኛው እዚያው ኢስትሊ ጨርቅ የሚነግዱ ሐጂ፣ ሦስተኛው ከልጁ ጋር የሚሠሩ የመጋዘን ዘበኛ። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ነኝ። እትዬ የምላት የአጎቴ ሚስት በዓይኗ ዝም በይ ትለኛለች።

«ኧረ ተቀመጡ» አለ አጎቴ።

«ያመጣንን ሳንናገር አንቀመጥም» አሉ ኤርትራዊው።

«እንግዲያው ይናገሩ፣ አባቴ።»

ተናገሩ። እንዴት ያለ አነጋገር! የልጁን ጨዋነት፣ የጉልበቱን ብርታት፣ የእኔን ደግሞ የማላውቀውን ሙያ ሁሉ ደረደሩት። ሽሮ ማሳረሬን የሚያውቅ ሰው ቢሰማ ይስቅ ነበር። ሐጂ መረቁ። አጎቴ አገር ሰላም እንደሆነ ሁሉ ስለ ዝናብ ጠየቀ፣ ስለ ስኳር ዋጋ ጠየቀ። ዘበኛው በመስኮቱ መንገዱን እያዩ እግራቸውን ይቀያይራሉ፤ የኢምባካሲ የመጨረሻው ማታቱ ሊያመልጣቸው ነው። ኧረ በናትህ መልስ ስጥ እያልኩ የመጋረጃውን ጫፍ በጥርሴ ነከስኩት።

ጀንበር ማዘቅዘቅ ስትጀምር ኤርትራዊው «ቁርጡን ይንገሩን፣ ወንድሜ» አሉ።

አጎቴ መሬት መሬት እያየ «አባቷ ሲመጣ ነው መልሱ» አለ።

«ይህ እምቢታ ነው።»

«እንግዲህ እንደወሰዳችሁት።»

ሽማግሌዎቹ ባርኔጣቸውን አነሱ። ከታች መንገዱ ጭር ብሏል፤ ሱቁ ሁሉ ተዘግቶ የወታደር መኪና በድምፅ ማጉያ እየለፈፈ ያልፋል። እትዬ ምን ቢሉኝ ሳትል ወጥታ «እዚህ እደሩ እንጂ፣ ሽሮው ደርሷል፣ ጾሙም ጾም ነው፣ ሥጋ የለበትም፣ ለሁላችሁም የሚበላ ነው» አለች።

«እምቢ ባለን ቤት እህል አንቀምስም፣ አናድርምም» አሉ ኤርትራዊው። «ሐጂ ቤት ቅርብ ነው፣ እንደርሳለን።» እጃቸውን ወደ በሩ መወርወሪያ ሰደዱ።

አጎቴን እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ከወንበሩ ተስፈንጥሮ በሩን በጀርባው ዘጋና ሁለት እጁን ዘረጋ። «አትወጡም» አለ። «ወንድሜም እደርሳለሁ ብሎ ነው ከቤቴ የወጣው። እደር አላልኩትም።»

ይህን ለእኔ እንኳ ነግሮኝ አያውቅም። ኤርትራዊው ባርኔጣቸውን በእጃቸው እንደያዙ ቆሙ፤ ቢሆንም አልተቀመጡም። ሽማግሌ ናቸዋ፣ መልስ ሳይዙ አይቀመጡም። አጎቴ አንድ በአንድ አያቸው። ከዚያ መወርወሪያውን ራሱ ገፋ አድርጎ ቆለፈና «ወንድሜ ቢኖር ኖሮ ይሰጣችሁ ነበር» አለ። «እኔም ሰጥቻለሁ። ተቀመጡ።»

«ሲመጣ» አላለም፣ «ቢኖር ኖሮ» አለ። ደስታዬና እንባዬ አንድ ላይ መጡ። እትዬ ለእልልታ አፏን ስትከፍት ሐጂ ወደ መንገዱ ጠቆሟት፤ ወታደር ከታች ነው። በሁለት እጇ አፏን ያዘች። እኔ ትራሱን ነክሼ ዘለልኩ፤ ሽማግሌዎቹ ሽሯቸውን እየበሉ በሹክሹክታ መረቁኝ። አጎቴ አብሮ አጎረሰ፣ አብሮ ሳቀ፣ ዓይኑን ግን ከበሩ አልነቀለም።

በማግስቱ ሰዓት እላፊው ሲያበቃ ቀድሞ የወረደው አጎቴ ነው። እትዬ ያደረ እልልታዋን ልትለቀው መስኮቱን ከፈተች፤ ከታች የሰማችው ግን ለቅሶ ነው። አጎቴ የሻይ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ «ወንድሜን፣ ወንድሜን» ይላል። ስንት ዓመት ያልተለቀሰ ለቅሶ ነው። እትዬ እልልታዋን ዋጠችና ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች።

ያን ጊዜ ከኢምባካሲ የመጣው የመጀመሪያው ማታቱ ቆመና ልጁ ወረደ፤ ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኑ እንዳልዞረ ያስታውቃል። አጎቴን አየው። ምን ሆነ ብሎ አልጠየቀም፣ መስኮቱ ላይ ወዳለሁት ወደ እኔም ቀና አላለም። ኮፍያውን አውልቆ አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጠና አብሮት አለቀሰ። መሰጠቴን ገና ማንም አልነገረውም ነበር።