ምሳውና አልሠራ ያለው ማውጫ

የሥራ ባልደረባችን ምሳው ጥላውንም አያምንም። ሰቆጣ በሚገኘው ቢሯችን ድጋፍ የሚያገኙ አረጋውያንን እንመዘግባለን፤ የኮምፒውተሩ መዝገብ በእሱ እጅ ነው። የይለፍ ቃሉን ሲጽፍ ለግድግዳው ሳይቀር ጀርባውን ይሰጣል። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላል። ለምደነዋል፤ አንዳንዴ ግን ያንገሸግሸናል።

ባለፈው ማክሰኞ የስም ፍለጋው እንዲፈጥን ብሎ ለመዝገቡ ስሞቹን በፊደል ተራ የሚያሰልፍ ማውጫ እንዲሠራ ኮምፒውተሩን አዘዘ። ቶሎ የሚያልቅ ሥራ ነበር፤ ረፋዱን ሙሉ ግን ንቅንቅ አላለም። ከኋላው የሁላችንም ምዝገባ ተገታ። መብራቱን ጠረጠረ፣ ዲስኩን ጠረጠረ፣ በመጨረሻም እኛን።

የምንደብቀው ነገርማ ነበረን። ጠዋት ከፃግብጂ ወረዳ አብራን ለምትመዘግበው ለረውዳ ስልክ ተደውሎ ነበር፤ የምሳው አባት ትናንት አርፈው ተቀብረዋል። እሳቸውም በእኛ መዝገብ ስለነበሩ ረውዳ እንደ ሥራዋ ስማቸውን ከፍታ «በሞት የተለዩ» ብላ ከጻፈች በኋላ የማን አባት እንደሆኑ ትዝ አላት። ጽሑፉን ብታስቀምጠው ወዲያው በምሳው ስክሪን ላይ ይወጣል። መርዶ ደግሞ በማለዳ በሽማግሌ አፍ ይነገራል እንጂ እንዲህ አይሰማም። መሰረዙም ሞቱን መካድ መሰላት። እንደተከፈተ ተወችው። ያ ያልተቋጨ ጽሑፍ መዝገቡን ቆልፎት፣ ማውጫው ተራውን ሲጠብቅ መዋሉን ማናችንም አላወቅንም።

ምሳው ግን ማን መንገዱን እንደዘጋ የሚያሳየውን ገጽ ከፍቶ የረውዳን ኮምፒውተር አገኘ። ሲመጣ ስክሪኗን አጠፋች።

«ምን ከፍተሽ ነው?»

«ምንም።»

«ምንም ከሆነ ለምን አጠፋሽው?»

«ዓይኗን አሟት ነው» አልኩ፤ ውሸቴ እኔኑ አሳፈረኝ።

ሁላችንንም ተራ በተራ አየን። «ዛሬ ስገባ ወሬ ታቆማላችሁ።» እጁን ወደ ስክሪኑ ሰደደ። ደግነቱ ተናዶ ተመለሰና ከራሱ ጠረጴዛ የረውዳን መስመር ቆረጠው። ያልተቀመጠው ጽሑፍ ራሱን ሰረዘ፤ ማውጫውም ወዲያው አለቀ። አባቱ መዝገቡ ላይ እንደገና በሕይወት ነበሩ።

«አላልኳችሁም?» አለና ሳቀ። ረውዳ ግቢ ወጥታ አለቀሰች።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ የነፍስ አባቱን አባ አሥራተ ማርያምን ይዘን በሩን አንኳኳን። «ማን ነው?» አለ፣ ሳይከፍት። ከፍቶ ሲያየን ፊቱ ፈካ።

«ለረውዳ ነገር ነው ሽማግሌ ይዛችሁ የመጣችሁት? ኧረ ግቡ፣ ይቅር ብያታለሁ።»

ምነው በጠረጠረ ብዬ ተመኘሁ። አባ አሥራተ ማርያም ትከሻውን ያዙና «ልጄ፣ ቁጭ በል» አሉት።